ውሃውስ ገባ፣ የት ይውጣ?

ጥያቄ፦ "ቤታችን ደሴ ነው፣ በጦሳ በኩል ዳገቱ ላይ። የግል ይዞታ ነው፤ ካርታ አለን። ስድስት ሆነን እንኖራለን። እናቴ ጉልበታቸውን እያመማቸው ማታ ማታ ደጅ ያለው ሽንት ቤት ድረስ መውጣት አቅቷቸዋል። ስለዚህ ከዋናው ቤት ጎን የተለጠፈችውን የብሎኬት ዕቃ ቤት ሻወርና ሽንት ቤት ልናደርጋት አስበናል። ዋናው ቤት ጭቃ ነው፣ በሲሚንቶ ተለስኗል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ጣሪያ ላይ እንሰቅላለን ብለናል። መንገዱ ከበላያችን ነው፤ ከበታቻችን የጎረቤት የድጋፍ ግንብ አለ። ቧንቧ ሠራተኛው 'ለዚች ፈቃድ አያስፈልግም፣ በሦስት ቀን አስረክባችኋለሁ' አለን። ጎረቤታችን ደግሞ 'ጉድጓድ ከቆፈራችሁ ግንቤ ይወርዳል፣ እከሳለሁ' አሉ። የማንን እንስማ?"

ምላሽ፦

የጎረቤትሽን ስሚ፣ እህቴ። ያሉት ሁሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። የፈሩት ነገር ግን የእውነት የሚያስፈራ ነው። ሠራተኛው ያሰላልሽ የሚገባውን ውሃ ብቻ ነው። ቧንቧ መዘርጋት፣ ሻወር መስቀል፣ መቀመጫውን መግጠም፤ ያ በእርግጥ የቀናት ሥራ ነው። የሚወጣው ውሃ ግን አልታሰበበትም። ደሴ ላይ ደግሞ የቤት ውስጥ ሽንት ቤት ጣጣው ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ለምን መሰለሽ? ከተማዋ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ነው የተቀመጠችው። ሜዳው ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰው የሚኖረው ቁልቁለት ላይ ነው። ተራራው እግር ሥር ያለው አፈር አብዛኛው ከላይ እየተንሸራተተ የወረደ፣ ድንጋይና ሸክላ የተቀላቀለበት ነው። ደረቅ ሳለ ይቆማል። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይላላል፣ ከዚያ ይሄዳል። የመሬት መንሸራተት ለደሴ ሰው እንግዳ አይደለም። ግድግዳው የተሰነጠቀ፣ አጥሩ ወደ ታች ያዘነበለ ግቢ አንቺም ሳታዪ አትቀሪም።

እስከ ዛሬ ውሃ በጀሪካን ስትጠቀሙ መሬታችሁ የሚጠጣው ጥቂት ነበር። ሻወር ቤት ውስጥ ሲገባ ፍጆታው ይጨምራል። በሰው 40 ሊትር ብንል እንኳ ለስድስት ሰው በቀን 240 ሊትር ነው። በወር ከ7,000 ሊትር በላይ። ወደ ታች ከለቀቃችሁት ያ ሁሉ ውሃ የሚሄደው ከጎረቤትሽ ግንብ ጀርባ ነው፣ በጋ ክረምት ሳይል።

የድጋፍ ግንብን የሚጥለው ብዙ ጊዜ አፈሩ ብቻውን አይደለም። ከጀርባው የተጠራቀመው ውሃ ነው የሚገፋው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጎረቤትሽን አስፈቅጂና ታች ወርደሽ ግንቡን ከፊት ለፊት እዪው። እግሩ አካባቢ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉት? ካሉት ደረቅ ናቸው ወይስ እርጥብ? ከቀዳዳው በታች ቡናማ እድፍ ወርዷል? ዝናብ ካቆመ ሳምንታት አልፈውም ቀዳዳው ከረጠበ፣ አሁን ያለው የደጅ ሽንት ቤታችሁ ራሱ ወደዚያ እየሰረገ ሊሆን ይችላል። ሽታ ካለው መጠራጠርም አያስፈልግም። ቀዳዳ የሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለው ደግሞ ግንቡ ውሃውን አዝሎ ነው የቆመው ማለት ነው። መሃሉ ሆድ አውጥቶ ካየሽው በዚያ በኩል አንድ ባልዲ ውሃ እንኳ አትድፊ። ግንቡን የሚያይ መሐንዲስ ጥሩ፤ ወጪውን ከጎረቤትሽ ጋር ተካፈሉት።

አሁን ስለ ሴፕቲክ ታንክ። እኛ ዘንድ ሴፕቲክ ታንክ እየተባለ የሚቆፈረው ብዙው ታንክ አይደለም። ጎኑ በድንጋይ የተደረደረ፣ ታቹ አፈር የሆነ፣ ከላይ ኮንክሪት የተከደነበት ጉድጓድ ነው። ባለቤቱም "እስካሁን ሞልቶብኝ አያውቅም" እያለ ይኩራራበታል። የማይሞላው እየሰረገ ስለሆነ ነዋ! ሰፊ ሜዳ ላይ ይሄ ለጊዜው ይታለፍ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ፣ ያውም ከሰው ግንብ በላይ፣ አይታለፍም።

ትክክለኛው ታንክ ውሃ የማያሳልፍ ሳጥን ነው። ታቹ ፌሮ ያለው ኮንክሪት ይሁን። ጎኑም ኮንክሪት ወይም በሁለቱም በኩል በደንብ የተለሰነ ግንብ ይሁን። ውስጡ ሁለት ክፍል ይኖረዋል። ለእናንተ የውስጥ ርዝመቱ 2.40 ሜትር፣ ስፋቱ 1.20 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 1.20 ሜትር ቢሆን 3,450 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ይበቃችኋል። ከውሃው በላይ 30 ሳንቲ ባዶ ቦታ ይተው። የመጀመሪያው ክፍል ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛውን ይውሰድ፤ ዝቃጩ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የመግቢያው ቧንቧ ከመውጫው ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ከፍ ይበል። በሁለቱም ላይ ወደ ታች የሚወርድ ቲ (ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ) ይገጠም። ይህችን ቲ ብዙ ሠራተኛ ይዘላታል። ዋጋዋ ከምንም አይቆጠርም። እሷ ከሌለች ግን ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት በቀጥታ ወጥቶ ማስረጊያውን፣ ማለትም ከታንኩ የወጣው ውሃ ወደ መሬት የሚሰርግበትን ቦታ፣ ይደፍነዋል።

ከጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ወደ ታንኩ እንዳይገባ። በአንድ የነሐሴ ዶፍ ዝቃጩን አንስቶ ያወጣዋል። ለእሱ የራሱ መውረጃ ይሠራለት።

ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ አይደለም፤ ዝቃጩ ቀርቷል እንጂ ጀርሙ አብሮት አለ። ወደ መንገድ ዳር ቦይ መልቀቅ የማይታሰብ ነው። መሬት ውስጥ መስረግ አለበት። መሬቱ ይቀበለዋል ወይ የሚለውን ደግሞ በግምት አትመልሱት፤ ለመፈተን ዶማና ማስመሪያ ይበቃል። ማስረጊያው ይሆናል ያላችሁበት ቦታ ላይ፣ በታሰበው ጥልቀት፣ አፉ 30 በ30 ሳንቲ የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። ማታ ውሃ ሙሉት፤ ሲጎድል እየጨመራችሁ አሳድሩት፣ አፈሩ ይጥገብ። ጠዋት 15 ሳንቲ ያህል ውሃ አድርጉበትና እንጨት ተክላችሁ ምልክት አድርጉ። ውሃው 2.5 ሳንቲ ለመውረድ ስንት ደቂቃ ፈጀ? አንድ ሰዓት ካለፈ ያ መሬት ለማስረጊያ አይሆንም። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ከሆነ ጥሩ ነው። ገና ስትሞሉት እልም ብሎ ከጠፋ ደግሞ ደስ አይበላችሁ። ስንጥቅ አግኝቷል፤ በየት እንደሚወጣ አታውቁም። ሁለት ሦስት ቦታ ሞክሩ። በጋ ላይ ፈተናውን ያለፈ አፈር ክረምት ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ውጤቱን ትንሽ አክብዳችሁ ገምቱ።

ካለፈ ጥልቅ ጉድጓድ አትቆፍሩ። 60 ሳንቲ ስፋትና ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ቦይ ይበቃል። ቦዩ ቁልቁል አይውረድ፤ እንደ እርከን አግድም ይሂድ። ወሎ ውስጥ እርከን ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ውስጡ ጠጠር፣ በላዩ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ፣ እንደገና ጠጠር፣ ከዚያ አፈሩ እንዳይገባ የሚከልል ጨርቅ፣ መጨረሻ ላይ አፈር። ርዝመቱን የሚወስነው የፈተናው ውጤት ነው፤ መሬቱ በዘገየ ቁጥር ቦዩ ይረዝማል። ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ከግንቡ ደግሞ ግቢው የሚፈቅደውን ያህል ይራቅ፤ በተቻለ መጠን በጎን በኩል አድርጉት እንጂ በቀጥታ ከግንቡ በላይ አይሁን።

መሬቱ ከወደቀስ? ብዙ ባለሙያ እዚህ ላይ "ትንሽ ጠለቅ አድርገን እንቆፍራለን" ይላል። እኔ አልልም። የተነሳችሁት ለእናትሽ ነው አይደል? እንግዲያው የቤት ውስጡ ሽንት ቤት የእሳቸው ይሁን። ሌላው ሰው የደጁን መጠቀም ይቀጥል፤ ጉልበቱ ጤነኛ ነው። ታንኩን ያው እንዳልኩሽ አድርጋችሁ ሥሩ፤ መውጫውን ግን በክዳን ድፈኑት፣ ማስረጊያ አይኑረው። እናትሽ በቀን ስድስት ጊዜ ቢጠቀሙና በየጊዜው 5 ሊትር ቢለቀቅ 30 ሊትር ነው። ታንኩ ሦስት ወር ተኩል ያህል ሳይሞላ ይቆያል። ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል። ወጪ አለው፣ አልዋሽሽም። የሻወሩን ውሃ ግን ወደዚህ ታንክ አትልኩት፤ በሳምንታት ውስጥ ይሞላባችኋል። በሻወር ፈንታ እናትሽ ተቀምጠው በባልዲና በጆግ ይታጠቡ። ያቺ ውሃ ጥቂት ስለሆነች በጠጠር ቦይ ከግንቡ ርቃ ዛፍ ሥር ብትሄድ ብዙ አትጎዳም። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካሰባችሁ እርሱት።

ታንኩን የት ታስቀምጡት? ሰው ሁሉ ወደ ታችኛው ጥግ ነው የሚሮጠው፣ ፍሳሹ ራሱ ይወርዳል ብሎ። መንገዳችሁ ግን ከላይ ነው። መጣጩ መኪና ላይ ቆሞ ነው የሚስበው። ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ውሃን በመምጠጥ ብቻ እስከ 10 ሜትር ገደማ ማንሳት ይቻላል። ደሴ ላይ በሒሳብ ደረጃ እንኳ 7 ሜትር ተኩል አካባቢ ላይ ያበቃል። ዝቃጭ ሲሆንና ቱቦው ሲረዝም ደግሞ ከዚያም በታች ነው። እና ከመኪናው መቆሚያ እስከ ታንኩ ወለል ያለው ቁመት ከ5 ሜትር ካለፈ ችግር ላይ ናችሁ። ታንኩ ከቤቱ ጎን፣ ለበሩ ቀረብ ብሎ ይቀመጥ። ከመቆፈራችሁ በፊት መኪናው የት እንደሚቆምና ቱቦው ስንት ሜትር እንደሆነ ጠይቁ።

ወደ ፈቃዱ ልምጣ። "ለዚች ፈቃድ አያስፈልግም" የተባለ ሰው በኋላ ደንብ አስከባሪ ሲመጣበት ያንን የተናገረውን ሠራተኛ አያገኘውም። በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሲወጣ ግንባታ ያለው አዲስ ቤት መሥራትን ብቻ አልነበረም። ያለን ሕንፃ ማሻሻልንና አገልግሎቱን መለወጥንም ጨምሮ ነበር። የተበላሸ ቧንቧ መቀየር፣ ሲንክ ማደስ ሌላ ነገር ነው፤ ለዚያ ማንም ደጅ አይጠናም። እናንተ ግን ግድግዳ ትበሳላችሁ፣ ወለል ትሰብራላችሁ፣ ዕቃ ቤቱን ሽንት ቤት ታደርጋላችሁ፣ ቁልቁለት ላይ ትቆፍራላችሁ።

ያው የ2001ዱ አዋጅ ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። በእሱ አከፋፈል፦ ፎቅ የሌለውና በሁለት ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠው ምድብ ሀ ነው፤ የእናንተ እዚያ ይገባል። ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ሕዝብ የሚገለገልበትና ፋብሪካው ምድብ ሐ ነው፤ ጣጣው ብዙ ነው። ሀ ቀላሉ ነው። ሕግና ቅጽ ስለሚሻሻል ግን ክፍለ ከተማችሁ ያለው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሄደሽ ዘንድሮ የሚፈለገውን ጠይቂ። ካርታው፣ መታወቂያና የዘመኑ የግብር ደረሰኝ በእጅሽ ይኑር። ፕላኑን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው። ፕላኑ ላይ የክፍሏ ስዕል ብቻ አይበቃም። ታንኩ፣ ማስረጊያው፣ የጎረቤት ግንብና በመካከላቸው ያለው ርቀት በቁጥር ይቀመጥ። ባለሙያው ግቢያችሁን ሳያይ ቢሮ ቁጭ ብሎ ከሣለ ገንዘብሽን አትስጪው። ቁልቁለቱ ወረቀቱ ላይ አይታየውም።

ፈቃድ ማግኘት ጎረቤትን ከመካስ አያድንም፣ ይሄንን ልብ በዪ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለሀብቱ ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ነገር እንዳያደርግ ይከለክላል። ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ብሎ ይዘረዝራል። ይሄም የሚመዘነው የአካባቢው ልማድና የመሬቱ አቀማመጥ ታይቶ ነው። አንቺ ከላይ፣ እሳቸው ከታች ናችሁ፤ አቀማመጡ ለማን እንደሚያደላ አንቺው ፍረጂ። ስለዚህ ፕላኑ እንዳለቀ፣ ማመልከቻውን ሳታስገቢ፣ ለሰውዬው ቡና አፍይና ወረቀቱን ዘርግተሽ አሳያቸው። በረካ ላይ ይስማማሉ ብዬ አልምልም። ነገር ግን ታንኩ ታቹ ኮንክሪት መሆኑን፣ ማስረጊያው ከግንባቸው መራቁን ሲያዩ ክሱ ይረግባል። ከተስማሙ ሁለት መስመር ጽፋችሁ ተፈራረሙ። አብሽሪ፣ አብዛኛው የግንብ ጠብ ፍርድ ቤት የሚደርሰው ቀድሞ ያነጋገረው ሰው ስለጠፋ ነው።

የሮቶው ነገር። 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው። ጭቃ ቤት ጣሪያ ላይ ሁለት ቶን? እንዳታደርጉት። ማገሩና ቋሚው የተሠሩት ቆርቆሮ ሊሸከሙ ነው። በዚያ ላይ አካባቢያችን መሬት የሚንቀጠቀጥበት ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ ላይ የተነሳው መንቀጥቀጥ መጀቴን ያወደመ ነበር፤ ከኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። ከራስ በላይ የተቀመጠ ሁለት ቶን ከጎን ሲነቀነቅ ምን እንደሚያደርግ ማሰብ አያቅትሽም።

ደግነቱ ዳገቱ ለዚህ ይጠቅማችኋል። ሮቶውን በላይኛው ጥግ፣ በመንገዱ በኩል፣ መሬት ላይ በተሠራ የድንጋይና የሲሚንቶ መደብ ላይ አስቀምጡት። ከተቆረጠው የአፈር ጠርዝ ግን ፈቀቅ ይበል። ከመንገዱ የሚመጣው ውሃ ግፊቱ ቢደክምም ይደርስለታል፤ ጣሪያ ላይ መውጣት አይጠበቅበትም። 10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ግፊት ይሰጣል። የሮቶው ታች ከሻወር ቤቱ ወለል 4 ሜትር ከፍ ቢል፣ 2 ሜትር ላይ ለተሰቀለ ሻወር የሚደርሰው 0.2 ባር ነው፤ ቀጠን ያለ ግን የሚያጥብ ውሃ። እናትሽ ተቀምጠው በእጅ በሚያዝ ሻወር ቢታጠቡ ከፍታው ስለሚወርድ ግፊቱ ይሻላቸዋል። የኤሌክትሪክ ሻወር ማሞቂያ ስትገዢ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ግፊት አንብቢ። አንዳንዱ በዚህ ግፊት ጭራሽ አይነሳም። ኧርዝ ሳይዘረጋ ደግሞ እንዳይገጠም።

ፍሎተሯ (ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የምትዘጋው ተንሳፋፊ) ትሠራለች ብላችሁ የትርፍ ውሃ ማስወጫውን አትርሱ። ፍሎተር አንድ ሌሊት ከተበላሸች ሮቶው እስኪነጋ ይፈስሳል። ያ ውሃ ዳገቱ ውስጥ እንዳይገባ በቧንቧ ወደ ዝናብ መውረጃው ይወሰድ። ግፊት አነሰ ብላችሁ ደግሞ ዲናሞ (የውሃ መሳቢያ ሞተር) በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ላይ አትቀጥሉ። ሲስብ የመንገዱ ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርድና በየስንጥቁ የቦይ ቆሻሻ ይገባል። የምትጠጡት እናንተም ሰፈሩም ናችሁ። ዲናሞ ካስፈለገ ከሮቶው በኋላ፣ ሮቶው ሥር ይቀመጥ።

ቧንቧው ላይ ቆጥባችሁ በኋላ እንዳትናደዱ። ፒፒአር (በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ ቧንቧ) "20" ሲባል የውጪ ውፍረቱ በሚሊ ነው። ውስጡ፣ ወፍራሙ ዓይነት ከሆነ፣ 13 ሚሊ ብቻ ነው። 25 ቁጥሩ 16.6 ሚሊ ነው፤ ውሃ የሚያልፍበት የቀዳዳው ስፋት የ20ው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። 32 ደግሞ 21 ሚሊ አለው። ግፊታችሁ ትንሽ ስለሆነ ከሮቶው እስከ ክፍሏ በ32 ይምጣ፣ ውስጥ በ25 ይከፋፈል፣ 20 ለመጨረሻዋ ቁራጭ ብቻ ትቅር። ደጅ ያለው ይቀበር ወይም ይሸፈን፤ ፒፒአር ፀሐይ አይወድም።

ሲበየድም ቁጭ ብለሽ እዪ። ማቃጠያው 260 ዲግሪ ነው። 20 ቁጥሩ 5 ሰከንድ፣ 25ቱ 7፣ 32ቱ 8 ሰከንድ ይበቃቸዋል። ሠራተኛው ስልክ እያወራ ካቆየው ፕላስቲኩ ቀልጦ ወደ ውስጥ ከንፈር ያወጣል። ከውጭ ያማረ መገጣጠሚያ ውስጡ እርሳስ የማያሳልፍ ይሆናል። አንዷን የሙከራ መገጣጠሚያ በመጋዝ አስቆርጠሽ ውስጧን ተመልከቺ። ጥሩ ሠራተኛ በዚህ አይቀየምም።

ኮምቦልቻ ዘመድ ካለሽ "እኛ እንዲህ አላደረግንም" ይልሽ ይሆናል። እነሱ ሜዳ ላይ ናቸው፤ የእነሱ ጣጣ ሌላ ነው። ጥቁር አፈር ባለበት ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቧንቧውን ከመገጣጠሚያው ይነቅለዋል። የእነሱን አሠራር አትኮርጁ።

ክፍሏ ውስጥ ዋናው ጠላታችሁ ከጭቃው ቤት ጋር የምትጋራው ግድግዳ ነው። ጭቃ ውሃ ከነካው ከታች ወደ ላይ ይጠጣል፤ ልስኑ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ይበሰብሳል። በዚያ ግድግዳ ውስጥ ምንም ቧንቧ አይለፍ። ከፊቱ የራሱ መሠረት ያለው የብሎኬት ግድግዳ ይቁምና ሻወሩም ሆነ ሲንኩ በተቃራኒው፣ በደጁ በኩል ይሁኑ።

መቀመጫው ፍሳሹ በግድግዳ በኩል የሚወጣ ዓይነት ቢሆን እመርጣለሁ። ወለሉን መስበር ይቀንስላችኋል፤ ባለ 110 ሚሊው የፍሳሽ ቧንቧ በቀጥታ ወደ ደጅ ይወጣል። ይሄ ሳይገዛ በፊት ይወሰን፤ ዓይነቱ ከተቀየረ የቧንቧው ቦታም ይቀየራል። የሽንት ቤቱ ቧንቧ በሜትር 2 ሳንቲ ይውረድ። ቁልቁለት ስለሆነ ብቻ በጣም አታዘንብሉት፤ ቦታው በድንገት ከወረደ ፖዜቶ (ክዳን ያለው የፍሳሽ መፈተሻ ጉድጓድ) ሠርታችሁ በውስጡ ቀጥ ብሎ ይውረድ። በየመታጠፊያውም ፖዜቶ ይኑር፤ ሲደፈን የሚከፈት ነገር ትፈልጋላችሁ። ከታንኩ በፊት አንድ የአየር ማስወጫ ከጣሪያ በላይ ይውጣ። እሱ ከሌለ መቀመጫው ሲለቀቅ የሲንኩን ሲፎን (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው የታጠፈ ቧንቧ) ውሃ ይስበዋል፣ ሽታው ቤት ይገባል።

ለእናትሽ ደግሞ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት። ውስጥ ቢወድቁ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በራሳቸው ይታገዳል። ከመቀመጫው ጎን የመያዣ ብረት ብሎኬቱ ላይ በደንብ ይታሰር፤ ሴራሚክ ላይ በትንሽ ብሎን የተያዘ ብረት ሰው አይይዝም። ሴራሚኩም ሻካራው ይሁን። ደፍ አይኑር።

ጊዜው። ቁፋሮው ከጥቅምት እስከ ጥር ይሁን፤ ከዚያ በልግ ሊገባባችሁ ይችላል። የታንኩ ኮንክሪት ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ ይቆይ። ወለሉና ልስኑ ከመደፈኑ በፊት የፍሳሹን ቧንቧ ጫፉን ደፍናችሁ ውሃ ሙሉትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ውሃው ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። ታንኩንም እንዲሁ ሞልታችሁ አሳድሩ። የሠራተኛው የመጨረሻ ክፍያ ከዚህ ሙከራ በኋላ እንደሚሆን ቀድመሽ ንገሪው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ የወለሉ ማፍሰሻ ሲፎን ውስጥ 5 ሳንቲ ያህል ውሃ ሁልጊዜ መኖር አለበት፤ ሽታውን የሚያግደው እሱ ነው። እናትሽ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ክፍሏ ለሳምንት ካልተነካች ይደርቃል። አንድ ጆግ ውሃ ድፊበት።